የላርጅ ፎርማት ሌንሶችን ስለ መምረጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ላርጅ ፎርማት ካሜራ፣ ማለት በትልልቅ ነጠላ ፊልም የሚያነሳ ካሜራ፣ የገዛ ሰው ካሜራው እጁ ከገባበት ቀን ጀምሮ የሚያስጨንቀው የሌንስ ጉዳይ ነው። ዙም የለም። ሌንሶቹ የተሠሩት በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ፋብሪካ ነው፤ አብዛኞቹም ዛሬ አዲስ አይመረቱም። እርስ በርስ ተስማምተው አንድ ስብስብ የሚሆኑት ገዢው አስቦ ከመረጣቸው ብቻ ነው። እዚህ ያሉት መልሶች በይበልጥ የሚያገለግሉት 4 በ5 ኢንች ፊልም ለሚጠቀሙ፣ መልክዓ ምድርና ሕንፃ ለሚያነሱ ሰዎች ነው፤ ስለ 8 በ10 መጨረሻው ላይ ጥቂት አለ።

የመጀመሪያ ሌንሴ ስንት ሚሊ ሜትር ይሁን?

150። ከዚህ ገጽ ሌላ ምንም ሳያነቡ ይህን ብቻ ይዘው ቢሄዱ አይቆጭዎትም።

4 በ5 ፊልም ላይ ምስሉ የሚያርፍበት ቦታ በግምት 96 በ120 ሚ.ሜ. ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ሲለካ ወደ 153 ሚ.ሜ. ይመጣል። የሌንሱ የትኩረት ርዝመት (ሌንሱ ላይ በሚሊ ሜትር የሚጻፈው ቁጥር) ከዚህ ሰያፍ ጋር ሲቀራረብ ነገሩን ሁሉ ሳይለጥጥም ሳይጨፈልቅም ያሳያል፤ ኖርማል ሌንስ የሚባለው ይህ ነው። 150 ሚ.ሜ. ኤፍ 5.6 ሌንስ (ኤፍ የብርሃን መግቢያ ቀዳዳው፣ የአፐርቸሩ፣ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) አራቱም ትልልቅ አምራቾች፣ ሽናይደር፣ ሮደንስቶክ፣ ኒኮንና ፉጂ፣ ለብዙ ዓመታት በብዛት ሠርተውታል። ስለዚህ ያገለገለ ገበያ ላይ ሞልቷል፤ ትንሽና ቀላል ነው፤ ማንኛውም 4 በ5 ካሜራ ላይ ያለ ምንም ልዩ ዕቃ ይገጠማል፤ ብዙውን ጊዜም ካሜራውን እንደ ልብ ለማንቀሳቀስ የሚበቃ የምስል ክብ (ምንነቱ ከታች አለ) አለው።

በትንሹ፣ 35 ሚ.ሜ. ፊልም በሚጠቀመው ካሜራ ሁልጊዜ በ35 ሚ.ሜ. ሌንስ ሲያነሱ የኖሩ ከሆነ 135ን ይመርጡ ይሆናል። የሰው ፊትና ሩቅ ተራራ የሚስብዎት ከሆነ ደግሞ 180 ወይም 210 ይሻልዎታል። ከሁለት አንዱ ላይ እርግጠኛ ካልሆኑ ግን ወደ 150 ይመለሱ።

የትኩረት ርዝመቱን ከ35 ሚ.ሜ. ካሜራ ጋር እንዴት ላመሳስለው?

የተለመደው መንገድ በ3.5 ማካፈል ነው። በዚህ ሂሳብ 90 ሚ.ሜ. ወደ 26፣ 150 ወደ 43፣ 210 ወደ 60፣ 300 ደግሞ ወደ 86 ይመጣል።

ነገር ግን የሁለቱ ፊልሞች ቅርጽ አንድ አይደለም። የ35 ሚ.ሜ. ፊልም ረጅምና ቀጭን ነው፤ 4 በ5 ወደ አራት ማዕዘን ይጠጋል። በረጅሙ ጎን ከለኩ ማካፈያው 3.3 ይሆናል፤ በአጭሩ ጎን ከለኩ 4 ይሆናል። አግድም የተዘረጋ ተራራ ሲያነሱ 90 ሚ.ሜ. እንደ 27 ሲታይዎት፣ ካሜራው እንደዚያው አግድም ሆኖ ከላይ እስከ ታች የሚይዘው ግን እንደ 22 ነው። ብዙ ሰው ከትንሹ ካሜራ ሲሸጋገር «ሌንሱ ከጠበቅኩት በላይ ሰማይ ያስገባል» የሚለው ለዚህ ነው። ሠንጠረዥ ከመሸምደድ ይልቅ ከካርቶን 96 በ120 ሚ.ሜ. ቀዳዳ ቆርጠው፣ ከዓይንዎ በሌንሱ የትኩረት ርዝመት ልክ አርቀው ይያዙት። በ150 ሚ.ሜ. ርቀት በቀዳዳው ያዩት 150 ሚ.ሜ. ሌንስ የሚያሳይዎት ነው። ሌንስ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ካርቶን ይዘው አንድ ሳምንት ቢዞሩ ከማንኛውም ምክር የበለጠ ያስተምርዎታል።

የምስል ክብ ምንድን ነው? ለምንስ ሁሉም ሰው ስለ እሱ ያወራል?

ሌንስ ወደ ካሜራው ውስጥ የሚጥለው ምስል ክብ ነው፤ ፊልሙ በዚያ ክብ ውስጥ ይቀመጣል። በትንሹ ካሜራ ሌንሱና ፊልሙ ትይዩ ሆነው የታሰሩ ስለሆኑ ክቡ ለፊልሙ ከበቃ ሌላ ጥያቄ የለም። በላርጅ ፎርማት ግን ሌንሱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን እናንቀሳቅሰዋለን፤ እናጋድለዋለንም። ሌንሱ ከፍ ሲል ክቡም አብሮ ከፍ ይላል፤ ፊልሙ ግን ባለበት ስለሚቀር ወደ ክቡ ጠርዝ ይጠጋል። ክቡ ካለቀ የፎቶው ጥግ ይጠቁራል።

በቁጥር እንየው። 12 ሜትር ከፍታ ያለው ቤተ ክርስቲያን ሊያነሱ ነው፤ ካሜራው ከመሬት 1.5 ሜትር ላይ ቆሟል፣ ፊልሙ በቁመቱ ነው፣ ሌንስዎ 90 ሚ.ሜ. ነው። ግድግዳው እንዳይጋደል ካሜራውን ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። ሌንሱን ካላነሱት ከመሃል በላይ ያለው የፊልሙ ግማሽ 60 ሚ.ሜ. ብቻ ነው፤ ጉልላቱን ለማስገባት ወደ 16 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ መሄድ አለብዎት፤ የፎቶው ግማሽም ባዶ መሬት ይሆናል። ሌንሱን 30 ሚ.ሜ. ከፍ ቢያደርጉት 10.5 ሜትር ላይ ቆመው ጉልላቱን ያገኙታል። ለዚህ የሚያስፈልገው ክብ ስንት ነው? ከክቡ መሃል እስከ ሩቁ የፊልም ጥግ ያለው ርቀት 102 ሚ.ሜ. ስለሚሆን ክቡ 204 ሚ.ሜ. ስፋት ሊኖረው ይገባል።

አሁን ሌንሶቹን እንመልከት። የሽናይደር ሱፐር አንጉሎን 90 ሚ.ሜ. ኤፍ 8 በኤፍ 22 ላይ 216 ሚ.ሜ. ክብ ይሰጣል፤ ሥራውን ይወጣል። የኒኮን ኒኮር ኤስደብልዩ 90 ሚ.ሜ. 235 ይሰጣል፤ ገና ትርፍ አለው። የድሮው አንጉሎን 90 ሚ.ሜ. ኤፍ 6.8 ግን ክቡ 154 ገደማ ስለሆነ ፊልሙን ከመሸፈን አያልፍም፤ ሌንሱን ትንሽ ሲያነሱት ጥጉ ይጠፋል። አንጉሎንና ሱፐር አንጉሎን በስም ስለሚቀራረቡ ገዢዎች ያምታቷቸዋል። አንጉሎኑ መጥፎ ሌንስ አይደለም፤ ትንሽና ቀላል ስለሆነ ተራራ ለሚወጣ፣ ሰፊ ሜዳ ለሚያነሳ ሰው እወደዋለሁ። ለሕንፃ ግን አይሆንም።

ክቡ ሰፊ ስለሆነ ብቻ ሌንሱ ሁሉንም ነገር ያስገባል ማለትም አይደለም። ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያውን በተፈለፈለው ጉድጓድ ውስጥ ሆነው ቤተ ክርስቲያኑን ከእግር እስከ ራስ በአንድ ፍሬም ለመያዝ ቢሞክሩ፣ ወደ ኋላ የሚሸሹበት ቦታ ስለሌለ በጣም ሰፊ የሆነው ሌንስም አያደርሰዎትም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሚያዋጣው ከላይ ከጉድጓዱ አፍ ቆሞ ሌንሱን ወደ ታች ማውረድ ወይም አንዱን ማዕዘን ብቻ መምረጥ ነው።

አምራቾች የሚጽፉት የክብ ስፋት ሌንሱ በኤፍ 22 ላይ ሆኖ ሩቅ ነገር ላይ ሲተኩር የሚለካ ነው። ቅርብ ነገር ላይ ሲተኩሩ ክቡ ይሰፋል፤ አፐርቸሩን ሲከፍቱ ጥሩው ክፍል ይጠብባል። የፎከስ መስታወትዎ (ምስሉ የሚታይበት፣ ከካሜራው ጀርባ ያለው) ጥጎቹ የተቆረጡ ከሆኑ በቁራጩ በኩል ወደ ሌንሱ ይመልከቱ፦ የአፐርቸሩ ቀዳዳ ሙሉ ሆኖ ከታየዎት ጥጉ ደህና ነው፤ ግማሹ ተሸፍኖ ቀጭን ሆኖ ከታየዎት ሌንሱን መልሰው ዝቅ ያድርጉት ወይም አፐርቸሩን ይበልጥ ይዝጉት።

ስንት ሌንስ ይበቃኛል?

አንድ ይበቃል። ሦስት ምቹ ነው። ከአራት በላይ ሲሆን ከፎቶው ይልቅ ቦርሳው ያሳስባል።

አንድ ይበቃል የምለው በባዶ አይደለም። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ጆኤል ሜየሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ኬፕ ኮድ ላይ በ8 በ10 ዲርዶርፍ ካሜራ ማንሳት ሲጀምር የያዘው የኮዳክ ዋይድ ፊልድ ኤክታር 10 ኢንች ሌንስ ነበር። ያ ሌንስ በ4 በ5 ቢሆን ወደ 125 ሚ.ሜ. ገደማ ማለት ነው፤ ከኖርማል ትንሽ ሰፋ ያለ። በዚያ ሌንስ የባሕር ዳርቻ፣ የበረንዳ፣ የሰው፣ የሰማይ ፎቶዎችን አነሳ። አንድ ሌንስ ብቻ የያዘ ሰው ካሜራውን ከመዘርጋቱ በፊት ፍሬሙ ይታየዋል፤ የት መቆም እንዳለበት እግሩ ያውቃል። ካሜራ ለመዘርጋት ብቻ አሥር ደቂቃ በሚፈጅበት ሥራ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሲጨምሩ ዋናው ነገር በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው። እያንዳንዱ ሌንስ ከበፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይሁን። 90፣ 150፣ 240 የምወደው ስብስብ ነው። 90ው ኒኮር ኤስደብልዩ ኤፍ 8 ከሆነ 360 ግራም፣ 240ው ፉጂኖን ኤ ኤፍ 9 ከሆነ 245 ግራም ይመዝናል፤ መሃል ላይ ከማናቸውም አምራች አንድ 150 ሲጨመር ሦስቱ አንድ ላይ አንድ ኪሎ አይሞሉም፤ ሦስቱም በኮፓል 0 ሻተር (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚቆጣጠረው ክፍል፤ ቁጥሩ መጠኑን ይናገራል) ላይ የተሠሩ ናቸው። ሕንፃ ብቻ ለሚሠራ ሰው ወደ ሰፊው ጎን ያዘነበለ፣ 75፣ 120ና 210 የሚል ስብስብ ይሻላል። ሁለት ብቻ ለሚፈልግ 110 ወይም 120 ከ210 ጋር ጥሩ ጥንድ ነው፤ በተለይ የሽናይደር ሱፐር ሲማር ኤክስኤል 110 ሚ.ሜ. እጅዎ ከገባ 288 ሚ.ሜ. ክብ ስላለው ካሜራዎ የቻለውን ያህል ቢያንቀሳቅሱት አያልቅም።

ገንዘብ የሚባክነው ተቀራራቢ ሌንሶችን በመሰብሰብ ነው። 135ም፣ 150ም፣ 180ም ያለው ሰው አጋጥሞኛል፤ እያንዳንዱ በጥሩ ዋጋ ስለተገኘ የተገዛ ነው። በ180 ሚ.ሜ. ከ6 ሜትር ላይ የሚያገኙትን ስፋት በ150 ሚ.ሜ. አንድ ሜትር ቀርበው ያገኙታል። ገደል ኖሮ መቅረብ ካልቻሉም ከፊልሙ ዳር ይቁረጡ፦ በ150 ያነሱትን ወደ 180 ስፋት ቢቆርጡት 80 በ100 ሚ.ሜ. ፊልም ይቀርዎታል፤ ይህ ከ6 በ7 ሴንቲ ሜትር ሚዲየም ፎርማት ይበልጣል።

መቼ ልጨምር ለሚለው ጥያቄ መልሱ ማስታወሻ ደብተር ነው። በአንዱ ሌንስ እየሠሩ «ሰፋ ያለ ቢኖረኝ» ወይም «ጠበብ ያለ ቢኖረኝ» ያሰኘዎትን ቦታ ሁሉ ይጻፉ። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ደብተሩ የትኛውን እንደሚገዙ ይነግርዎታል። ሁለቱንም እኩል ጽፈው ከተገኙ ሰፊውን ያስቀድሙ፤ ጠባቡን በመቁረጥ ማግኘት ይቻላል፣ ሰፊውን ግን ከየትም አያመጡትም።

ካሜራዬ ስንት ሚሊ ሜትር ድረስ ይችላል?

ይህን የሚወስነው ቤሎውሱ ነው፤ ወናፍ መሰሉ ተጣጣፊ ክፍል። አንድ መደበኛ ሌንስ ሩቅ ነገር ላይ ለመተኮር ቤሎውሱ በትኩረት ርዝመቱ ልክ መዘርጋት አለበት፤ ለቅርብ ነገር ደግሞ ከዚያ በላይ። ቤሎውስዎ 300 ሚ.ሜ. ብቻ የሚዘረጋ ከሆነ 300 ሚ.ሜ. ሌንስ ተራራውን እንጂ አጠገብዎ የቆመውን እረኛ አያሳይዎትም፦ 3 ሜትር ላይ ላለ ነገር 333 ሚ.ሜ. ያስፈልጋል። 240 ሚ.ሜ. ግን እዚያው ካሜራ ላይ 1.5 ሜትር ድረስ ይቀርባል፣ የሚፈልገው 286 ብቻ ነውና። በአጫጭር የእንጨት ካሜራዎች ከ300 ይልቅ 240ን የምመክረው ለዚህ ነው።

ቴሌፎቶ የሚባሉት ሌንሶች ችግሩን በሌላ መንገድ ይፈታሉ። ኒኮር ቲ 360 ሚ.ሜ. ሩቅ ነገር ላይ ለመተኮር የሚፈልገው 261 ሚ.ሜ. ገደማ ዝርጋታ ነው። ዋጋው ግን ክብደትና የ210 ሚ.ሜ. ክብ ነው፤ ሌንሱን ሲያጋድሉትም ምስሉ ከመስታወቱ ላይ ስለሚሸሽ ፎከስ ማድረግ ትዕግሥት ይጠይቃል። በብዛት ሩቅ ካላነሱ አልመክርዎትም።

በሰፊው በኩል ያለው ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። በ65 ወይም በ75 ሚ.ሜ. ላይ የካሜራው ፊትና ጀርባ ስለሚቀራረቡ ቤሎውሱ ተጨማድዶ ሌንሱን ማንሳትም ማጋደልም ይከለክላል፤ ፊልሙ በቁመቱ ሲሆን የካሜራው ወለል ራሱ ፎቶው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ወደ ውስጥ የገባ ሌንስቦርድ (ሌንሱ የሚገጠምበት ሳህን) ወይም ለሰፊ ሌንስ የተሠራ ለስላሳ ቤሎውስ ካልኖረዎት 90 ላይ ይቁሙ።

ቤሎውሱን በዘረጉ ቁጥር ብርሃኑ እንደሚቀንስ አይርሱ። የዝርጋታውን ርዝመት ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት ያካፍሉ፣ ውጤቱን በራሱ ያባዙ። 150 ሚ.ሜ. ሌንስ 300 ላይ ሲዘረጋ አራት እጥፍ፣ ማለት ሁለት ስቶፕ ብርሃን ይፈልጋል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ነው)። በ210 ሚ.ሜ. 1.5 ሜትር ላይ የተቀመጠ ሰው ሲያነሱ ግን ልዩነቱ ግማሽ ስቶፕ አይሞላም።

90 ሚ.ሜ. ልገዛ ነው፤ ኤፍ 8 ይሁን ወይስ ኤፍ 4.5?

ፎቶው የሚነሳው በሁለቱም በኤፍ 22 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ ፎቶው ላይ አይታይም። የሚታየው ጥቁሩ ጨርቅ ሥር ገብተው ፎከስ ሲያደርጉ ነው። ኤፍ 4.5 ለመስታወቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰጠዋል። የቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌት ወይም በሻማ ብቻ የሚበራ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ከሆነ ይህ ልዩነት ፎከስ ማድረግ በመቻልና ባለመቻል መካከል ያለ ልዩነት ነው። ውጭ ለሚሠራ ግን ኤፍ 8 ይበቃል፦ የኒኮር ኤፍ 4.5 ክብደቱ 600 ግራም፣ ፊልተሩ 82 ሚ.ሜ. ሲሆን ኤፍ 8ቱ 360 ግራምና 67 ሚ.ሜ. ነው።

ሰፊ ሌንሶች ሁሉ ጥጋቸው ከመሃላቸው ይጨልማል። በ90 ሚ.ሜ. ላይ ልዩነቱ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ ገደማ ነው፤ በጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ሲታተም ይስተካከላል፤ ብዙ ጊዜም ጥጉ ትንሽ መጥቆሩ ያምራል። በ65 ሚ.ሜ. በስላይድ ፊልም ሲሠሩ ግን መሃሉን የሚያጠቁር ሴንተር ፊልተር ያስፈልጋል፤ ይህ ፊልተር ውድ ስለሆነ የሌንሱን ዋጋ ሲያሰሉ አብረው ያስሉት።

ከሽናይደር፣ ከሮደንስቶክ፣ ከኒኮርና ከፉጂኖን የትኛው ይበልጣል?

ለሥራዎ ልዩነት የለውም። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ የተሠሩ የአራቱም ኤፍ 5.6 ሌንሶች በኤፍ 22 ላይ ከፎቶው ማን ማን እንደሆነ መለየት የሚችል ሰው አላየሁም። ነፋስ ያወዛወዘው ትራይፖድ፣ ፊልም መያዣው ውስጥ ያልተስተካከለ ፊልም፣ በችኮላ የተደረገ ፎከስ ከብራንድ ልዩነት ብዙ እጥፍ ፎቶ ያበላሻሉ። ኒኮን የላርጅ ፎርማት ሌንስ ማምረት ማቆሙን እ.ኤ.አ. በ2006 አስታውቋል፤ ያ ሌንሶቹን አላረጀባቸውም።

የሚለየው የዲዛይኑ ዓይነት ነው። ኤፍ 5.6ዎቹ አብዛኞቹ ፕላዝማት በሚባለው ስድስት ብርጭቆ ባለው አሠራር የተሠሩ ናቸው፤ ክባቸው ሰፊ ነው። ቴሳር እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ ያለ አራት ብርጭቆ አሠራር ነው፤ ትንሽ፣ ቀላል፣ መሃሉ የጠራ፣ ክቡ ግን ጠባብ። ኒኮር ኤም የሚባሉት፣ 200፣ 300ና 450፣ የዚህ ቤተሰብ ናቸው፤ ረዣዥም ስለሆኑ ክቡ መጥበቡ ለ4 በ5 አያሳስብም። ካሜራ ተሸክሞ ተራራ ለሚወጣ ሰው 290 ግራም ብቻ የሚመዝነው ኒኮር ኤም 300 በጣም የሚመች ረጅም ሌንስ ነው።

በየትኛው አፐርቸር ልሥራ?

ኤፍ 22፤ ሲያስፈልግ ኤፍ 32። እ.ኤ.አ. በ1932 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አሜሪካውያኑ ፎቶ አንሺዎች እነ አንሰል አዳምስና ኤድዋርድ ዌስተን ቡድናቸውን በኤፍ 64 መሰየማቸው ብዙ ሰው አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው እንዲዘጋ አድርጎታል። እነሱ በትልልቅ ፊልም ሠርተው ብዙ ጊዜ ያተሙት ሳያሳድጉ ፊልሙን ወረቀቱ ላይ አስተኝተው ነው። 4 በ5ን አሳድጎ ለሚያትም ሰው ኤፍ 64 ብርሃኑን በትንሿ ቀዳዳ ስለሚበትነው ምስሉን ያደበዝዛል። ከቅርብ ድንጋይ እስከ ሩቅ ተራራ ጥራት ሲፈልጉ አፐርቸሩን ከመዝጋት በፊት ሌንሱን ትንሽ ወደ ፊት ያጋድሉት።

ያገለገለ ሌንስ ስገዛ ምን ልመርምር?

በመጀመሪያ ሻተሩን። አንድ ሰከንድ፣ ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ ላይ አድርገው ደጋግመው ይተኩሱት። ሲያረጅ የሚያነክሰው በእነዚህ ዝግ ያሉ ፍጥነቶች ላይ ነው፤ እርስዎም በብዛት የሚሠሩት በእነዚሁ ነው። ድምፁን በስልክ ቀድተው ርዝመቱን ቢለኩት በቂ ነው። 1/500 ተብሎ የተጻፈው በእውነት 1/500 ባይሆን አይጨነቁ። ሁልጊዜ በአንድ ልክ የሚዘገይ ሻተርም ችግር አይደለም፤ ትክክለኛውን ፍጥነት በትንሽ ወረቀት ጽፈው ሌንስቦርዱ ጀርባ ይለጥፉት። መጥፎው አንዴ የሚዘገይ አንዴ የሚፈጥን ነው፤ እሱ መጽዳት አለበት። ሻተሩ የድሮ ኮምፑር ከሆነ የመጨረሻውን ፍጥነት ካቀባበሉት በኋላ ለመምረጥ አይታገሉ፤ መጀመሪያ ፍጥነቱን፣ ከዚያ ማቀባበሉን።

ቀጥሎ ብርጭቆውን። ሻተሩን ከፍተው በጨለማ ክፍል ባትሪ ከኋላ ያብሩበት። ጭረትና ጥቂት አቧራ ምስሉን አይጎዱም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ካለ ይተዉት፤ ብርጭቆውን ከበላው በኋላ ቢያጸዱትም ምልክቱ አይጠፋም። ስስ ጭጋግ ሲሆን ግን ብርጭቆዎቹን ከፍቶ በማጽዳት ብዙ ጊዜ ይወጣል። ሁለት ብርጭቆ የተጣበቀበት ሙጫ ሲለቅ ጠርዙ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ቅርጽ ይታያል፤ ትንሽ ከሆነ ሌንሱ ይሠራል፣ ዋጋውን ግን መቀነስ አለበት። በሽናይደር ሌንሶች ውስጥ ጠርዝ ላይ የሚታዩት ነጫጭ ነጠብጣቦች ጥቁሩ ቀለም ሲላቀቅ የሚመጡ ናቸው፤ ምስሉን አይነኩም፤ በእነሱ ምክንያት ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

የፊትና የኋላ ብርጭቆ ከአንድ ሌንስ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ሁለቱም ላይ ስም ወይም ቁጥር ከተጻፈ ይስማማ። ሻተሩ የተቀየረ ከሆነ በሻተሩና በብርጭቆው መካከል የነበረው ስስ ቀለበት ጠፍቶ ሊሆን ስለሚችል ሻጩን ይጠይቁ። ከጀርባ የሚያጠብቀው ቀለበት አብሮ መኖሩንም አይርሱ። ያለ እሱ ሌንሱ ካሜራው ላይ አይቆምም።

አዲስ አበባ ሆነው ከውጭ የሚያስመጡ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚያመጣልዎት ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ወይም ጓደኛ ነው። እሱ ጋ ደርሶ ሣጥኑ ሳይከፈት ወራት ከቆየ የመመለሻው ቀን ያልፋል። ዕቃው እንደ ደረሰ ከፍቶ ሻተሩን በአንድ ሰከንድ እየተኮሰ፣ ብርጭቆውንም በባትሪ እያበራ ቪዲዮ እንዲልክልዎት ይለምኑት። ሌንስቦርዱን ግን ከውጭ ማምጣት የግድ አይደለም፤ ጎበዝ ቶርኖ ቤት ከአሉሚኒየም ይሠራልዎታል። ቀዳዳው ለኮፓል 0 ወደ 35 ሚ.ሜ.፣ ለኮፓል 1 ወደ 42፣ ለኮፓል 3 ደግሞ 65 ነው፤ ከመቆረጡ በፊት ሌንሱን ራሱን ወስደው ያስለኩ፤ ፊቱን ደብዛዛ ጥቁር ያስቀቡት። ስብስብዎን በኮፓል 0ና 1 ብቻ ቢወስኑት ሥራው ሁሉ ይቀልልዎታል።

ሁለት ሦስት ርዝመት ያለው ተቀያሪ ሌንስ ይረባል?

ገንዘብ ለሌለው፣ አዎ። ከሲማር-ኤስ በፊት የነበረው የሽናይደር ሲማር 150 ሚ.ሜ. ኤፍ 5.6 የፊቱ ብርጭቆ ሲፈታ 265 ሚ.ሜ. ኤፍ 12 ይሆናል። የተፈታው ከሙሉው ይለሰልሳል፣ መስታወቱ ላይ ይጨልማል፣ ከ265 በላይ ዝርጋታም ይፈልጋል፤ በኤፍ 32 ከቢጫ ፊልተር ጋር ሲሠሩበት ግን ያስደስታል። አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1941 ኒው ሜክሲኮ፣ ሄርናንዴዝ ላይ የወጣችውን ጨረቃ ያነሳው የኩክ ትሪፕል ኮንቨርቲብል ሌንሱን ከፍሎ፣ 23 ኢንች በሆነው አንዱ ክፍል ብቻ ነው።

ለእያንዳንዱ ሌንስ የተለየ ፊልተር ያስፈልገኛል?

አያስፈልግም። ከስብስብዎ ትልቁን የፊልተር ስፋት ይምረጡ፤ ብዙ ጊዜ 67 ወይም 77 ይሆናል፤ ለትንንሾቹ ማስፊያ ቀለበት ይግዙ። ለጥቁርና ነጭ ቢጫና ብርቱካናማ ይበቁዎታል።

ወደፊት ወደ 8 በ10 ባድግ ሌንሶቼ ይሠሩልኛል?

ሰፊዎቹ አይሠሩም፤ ረዣዥሞቹ ይሠራሉ። 8 በ10 ቢያንስ ወደ 312 ሚ.ሜ. ክብ ይፈልጋል። ፉጂኖን ኤ 240 336፣ ኒኮር ኤም 300 325 ስለሚሰጡ ፊልሙን ይሸፍናሉ፣ ለማንቀሳቀስ ግን ብዙ ቦታ አይተዉም። ፉጂኖን ሲ 300 ኤፍ 8.5 380 ስላለው ይሻላል፤ 450ው ደግሞ 486 ደርሶ በኮፓል 1 ሻተር ብቻ 270 ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህ ሐሳብ ከአሁኑ ካለዎት ሦስተኛውን ሌንስዎን ሲመርጡ ክቡን አይተው ይግዙ፤ ለ4 በ5 ረጅም የሆነው 240 ወይም 300፣ 8 በ10 ላይ ሰፋ ያለ ወይም ኖርማል ሌንስ ሆኖ ያገለግልዎታል።